የሲኒ ስፍር

ወረታ በክረምት የራሷ ሽታ አላት። ዋልካው ሲርስ የሚያወጣው አለ፣ የኩበት ጭስ አለ፣ ከሩዝ መፈልፈያው ወገን ነፋስ ይዞት የሚመጣው የእብቅ አቧራ አለ። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ አጋማሽ ላይ ከባጃጅ ስወርድ ከሰው ሁሉ ቀድሞ የተቀበለኝ ይህ ሽታ ነው። ከዚያ እናቴ። አቅፋኝ ብዙ ቆየች፤ ትከሻዬን ይዛ ራቅ አድርጋ አየችኝና ፊቷ ተለወጠ።

«እኔን ይድፋኝ! ምን አደረጉብሽ ልጄ?»

ምን እንዳደረጉልኝ ልንገራችሁ። ሰኔ መጀመሪያ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ጨጓራዬን የመቀነስ ቀዶ ጥገና ተደርጎልኝ ነበር። ሐኪሞቹ «ስሊቭ» ይሉታል። ከጨጓራው ሦስት አራተኛ የሚያህለውን ቆርጠው ያወጡና የቀረውን እንደ ሙዝ ቀጭን አድርገው ይሰፉታል። 128 ኪሎ ነበርኩ። ስኳር ይዞኛል፣ ጉልበቴ ደረጃ አላስወጣ ብሎኛል፣ ሌሊት ትንፋሼ እየተቆረጠ ያባንነኛል። በመጀመሪያው ወር 13 ኪሎ ቀነስኩ። ለእኔ የምሥራች ነበር። እናቴ ግን ያየችው የከሳች ልጅ ነው።

እናቴ ክሳትን የምታውቀው በ1977ቱ ረሃብ ነው። ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ወረታ የመንገድ መጋጠሚያ ናት፤ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈውን መንገድ ከደብረ ታቦር የሚወርደው እዚያ ይገጥመዋል። በዚያ ዓመት ከጋይንት ወገን የተሰደዱ ሰዎች በደጃችን ያልፉ ነበር። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ቂጣ እየቆረሰች ስትሰጥ፣ ቂጣው ሲያልቅባት ደግሞ ባዶ መሶቡን ታቅፋ ዝም ስትል አይቻለሁ። ያን ዝምታ እስካሁን አልረሳሁትም። ከዚያ ወዲህ እናቴ ቤት የገባ ሰው በልቶ ብቻ አይወጣም፤ ጠግቦ፣ ተለምኖ፣ ተምሎበት ነው የሚወጣው። «በሞቴ!» «አፈር ስሆን!» ጉርሻና ፍቅር ካላስጨነቀ አያምርም ይባል የለ፤ እሷ እጅ ላይ ተረት አልነበረም።

ሩዝም የመጣልን በዚያው ዘመን ነው። በደርግ ጊዜ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጂግናና ሻጋ ላይ ከገበሬዎች አምራች ማኅበራት ጋር ሩዝ መዝራት ጀመሩ። ርብና ጉማራ ወንዞች ሞልተው ሲያጥለቀልቁት ሌላው እህል የሚበሰብስበት የፎገራ ሜዳ፣ ያው ጎርፍ ሲሳይ ሆነለት። «ኤክስ ጂግና» የሚባለው ዘር ስሙን የያዘው ከዚያው ነው። ቆይቶ እንጀራችን እንኳ የጤፍና የሩዝ ድብልቅ ሆነ። እናቴ ሩዝ ስትለቅም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታመሰግናለች፤ ከውሃ የወጣ ምሕረት ነው ለእሷ። ሩዙን ያነሳሁት በምክንያት ነው፤ እመለስበታለሁ።

ከአዲስ አበባ ስነሳ የሥነ ምግብ ባለሙያዋ የሰጠችኝ አንድ ወረቀት ነበር። የመጀመሪያው ሰሞን ውሃና መረቅ ብቻ፣ ከዚያ ወተትና ቀጭን አጥሚት፣ ከዚያ የላመ ነገር፣ ከዚያ ለስላሳ ምግብ። ሁልጊዜ ፕሮቲን ይቅደም፣ በቀን ቢያንስ 60 ግራም። ከምግብ ጋር ውሃ አይጠጣም፤ ግማሽ ሰዓት ይቆያል። መልቲቫይታሚን፣ ቢ12፣ ቫይታሚን ዲ፣ ካልሲየም፣ ብረት። ብረቱና ካልሲየሙ አብረው አይዋጡም፤ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይለያዩ። ብረቱን በቡናና በሻይ አጠገብ አትውሰጂ። ከታች በቀይ እስክሪብቶ «ዕድሜ ልክ» ብላ ጽፋ ሁለት ጊዜ አስምራበታለች። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፤ እናቴ ቤት ስገባም ቦርሳውን ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት።

እናቴ ሩዝ በወተት ቀቅላ፣ ለጋ ቅቤ ጣል አድርጋ አቀረበችልኝ። ነጭ፣ ለስላሳ፣ እንፋሎቱ የሚሞቅ። የልጅነቴ የሕመም ምግብ ነው፤ ወባ ሲጥለኝ የምታበላኝ። እንዴት እምቢ ልበል? ራብ የሚባል ነገር አልነበረኝም። ራብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የተባለው ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው ተቆርጦ ከወጣው የጨጓራ ክፍል ስለሆነ፣ ጠዋትም ማታም አንድ ነኝ። እሷ ግን «አልራበኝም» ስላት ዓይኗ ይሞላል። ስለዚህ ለዓይኗ ስል በላሁ። ሦስት ማንኪያ፣ አራት፣ አምስት። ስድስተኛው ላይ ደረቴ ሥር ድንጋይ ተቀመጠ። ጓሮ ወጥቼ መለስኩት።

በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀንም። ክኒኖቹም ከሩዙ ጋር ተመልሰው ሲወጡ አየሁና ተውኳቸው። ሆዴ እስኪረጋ ነው፣ ነገ እጀምራለሁ እያልኩ ሁለት ሳምንት አለፈ። ብልቃጦቹ መስኮቱ ላይ ተደርድረው ያዩኛል። ዛሬም ድረስ የሚቆጨኝ ይህ ነው፤ ወረቀቱ ከራሴ በላይ ተሰቅሎ ነበርና።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ አገሩ ተረበሸ። ሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ መንገዱ ተዘጋ፣ ኢንተርኔቱ ጠፋ፣ አውቶቡስ ቀረ። ከሩቅ የሚሰማው ነገር የነጎድጓድ ይሁን የሌላ መለየት እያቃተን ጆሯችንን አቁመን እናመሻለን። በእነዚያ ቀናት ነው እግሬ ሥር ጉንዳን የሚሄድ የመሰለኝ። ጫማዬን አውልቄ አየሁ፤ ምንም የለም። በሁለተኛው ቀን ጭቃው ላይ ስረግጥ መሬቱ የራቀ መሰለኝ።

ስልክ አልፎ አልፎ ይሠራ ነበር። ባለሙያዋን አገኘኋት።

«ስንት ቀን አስታወክሽ?»

«ሁለት ሳምንት ገደማ።»

«ቫይታሚኑንስ?»

ዝም አልኩ። እሷም ትንሽ ዝም አለችና ቀስ ብላ፣ እያንዳንዱን ቃል እየለየች ተናገረች። ቫይታሚን ቢ1 ሰውነት የሚያከማቸው ለሁለት ለሦስት ሳምንት የሚበቃ ብቻ ነው፤ ካለቀ ነርቭን ይጎዳል፣ ሲብስ አእምሮን። ዛሬውኑ በመርፌ ተወጊ። ቢ1 ሳትወስጂ ደግሞ ግሉኮስ እንዳይሰጡሽ፤ ስኳሩ የቀረችውን ጨርሶ ያባብስብሻል።

ወንድሜ ክንዴን ይዞ በጭቃው ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደኝ። የጤና ባለሙያው ወጣት ልጅ ነው። ከንፈሬ መድረቁን አይቶ ግሉኮሱን አንስቶ ነበር፤ ስልኩን ሰጠሁት። አዳመጠ፣ «እሺ እትዬ፣ ገባኝ» አለና ግሉኮሱን መልሶ አስቀመጠው። ከመደርደሪያው ጥግ ቢ1፣ ቢ6 እና ቢ12 ያለበትን መርፌ አወጣ። ፈሳሹ ቀይ ነው፤ ሲወጉት ያቃጥላል። በየቀኑ እየተመላለስኩ ተወጋሁ። ከሳምንት በኋላ እስከ ጉልበቴ ወጥተው የነበሩት ጉንዳኖች መጀመሪያ ከጉልበቴ፣ ቀጥሎ ከቁርጭምጭሚቴ ወረዱ።

ሩዙን እመለስበታለሁ ብዬ አልነበር? አንድ ቀን ወንድሜ ከመፈልፈያው አንድ ኬሻ ፉርሽካ ተሸክሞ ገባ። ሩዙ ሲነጣ የሚወልቀው ቡናማ ብናኝ ነው፤ ለላሞቹ ይሰጠዋል። ዶሮዎቹ ከኬሻው የፈሰሰውን ተሻምተው ለቀሙ። በሩዝ ውስጥ ያለው ቢ1 በብዛት ያለው እዚያ ብናኝ ላይ መሆኑን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። በ1890ዎቹ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ኤይክማን የሚባል ሆላንዳዊ ሐኪም ጃቫ ደሴት ላይ ነጭ ሩዝ የሚበሉ ዶሮዎች እግራቸው ሲሽመደመድ፣ ያልነጣ ሩዝ ሲሰጣቸው ደግሞ ሲነሱ አይቶ ነበር፤ በ1929 የኖቤል ሽልማት ካሸለሙት ሥራዎች አንዱ ይኸው ነው። ለእናቴ ነገርኳት። ምጣዷን እያሰሰች በጥሞና ሰማችኝ።

«ዶሮዎቹ ዳኑ አልሽ?»

«ዳኑ።»

«ተመስገን» አለች፤ ከዚያ ወደ ላሞቹ አይታ ዝም አለች። እኔ ያስመለስኩትን ነጩን ስታበላኝ ደጉን ለከብት እንደ ሰጠች አስባ እንዳዘነች ከፊቷ አየሁ። ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ፣ ክኒኑን የተውኩት እኔ መሆኔን ደጋግሜ ነገርኳት። ያመነችኝ አይመስለኝም።

ፍልሰታ ገባ። እናቴ የፍልሰታን ጾም ከልጅነቷ ጀምሮ ሰብራ አታውቅም። እኔ ደግሞ ወተት፣ አይብ፣ እንቁላል ያስፈልገኛል። የንስሐ አባታችን ጋ ሄዳ ጠየቀች፤ ለበሽተኛ ተፈቅዷል ብለው ባርከው መለሷት። ከዚያ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከቅዳሴ ሳትመለስ ውሃ በአፏ ያልዞረ ሴት፣ እሳት ዳር ተቀምጣ አሬራውን ታሞቃለች። አይቡ ሲረጋ በወንፊት ታጠልለዋለች፣ በጣቷ ታልመዋለች። ጨው ጣል ታደርጋለች፤ መቅመስ ግን አትችልም። የጎረቤታችን የሦስት ዓመት ልጅ አለ፣ ገና ለጾም ያልደረሰ። ትጠራዋለች፤ በትንሽ ጣቷ ጫፍ አይብ ታስልሰዋለች። ፊቱን አኮሳትሮ ያስባል፤ ሲጥመው ራሱን ይነቀንቃል። ያኔ ለእኔ ይቀርባል።

የሚቀርበው በቡና ሲኒ ነው። ወረቀቱን ከቦርሳው አውጥቼ ካነበብኩላት በኋላ ራሷ ያመጣችው ዘዴ ነው። አንድ ሲኒ አይብ፣ ወይም አንድ ሲኒ የላመ ሽሮ፣ ወይም ከጣና የመጣ ዓሣ ሲገኝ አጥንቱ ተለቅሞ አንድ ሲኒ። ማንበብ አትችልም፤ ግን ሰዓቱን ሁሉ ያዘችው። ብረቱ ጎሕ ሲቀድ፣ ካልሲየሙ እሷ ከቅዳሴ ስትመለስ፣ ቫይታሚን ዲው ላሞቹ ሲገቡ። ቡና ሲፈላ ጎረቤት «ለእሷስ?» ሲል፣ «ለእሷ ገና ነው፣ ብረቷን ያባርርባታል» ብላ መልሳ ጀበናውን ታዞራለች።

መንገዱ ተከፍቶ ልመለስ ስል ጎረቤቶች ተሰበሰቡ። እንጀራ ቀረበ፣ ዶሮ ቀረበ፤ ጾሙ ተፈቶ ነበር። ሁሉም ለማጉረስ እጁን ሲዘረጋ እናቴ ከለከለች። እሷ ብቻ ከእንቁላሉ ቆረሰች፤ የሽምብራ ፍሬ የምታህል። በወጡ አርሳ አፌ ውስጥ አኖረችልኝ። «በሞቴ» አላለችም። ሳኝክ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ እየቆጠረች ነው። እስክውጣት ድረስ እጇን ከአገጬ ሥር ሳታነሳ ጠበቀችኝ።