ኮርቻው ሲበድል

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚለው የአበው ተረት፣ ጥፋተኛውን መንካት ሲያቅተው በትሩን በማይናገር ዕቃ ላይ የሚያሳርፈውን ሰው ይወቅሳል። የዚህ ተረት ግልባጭ የሆነ በደልም አለ፤ ይኸውም ዳውላው ባጠፋ አህያው ሲመታ ነው። የኋለኛው በደል ከፊተኛው ይከፋል፤ ዳውላ ሕመም አያውቅምና። ይህ በደል በግልጽ ከሚታይባቸው ሥፍራዎች አንዱ በሰሜን አሜሪካ የሮዲዮ ሜዳዎች የሚካሄደው የበርሜል ዙር ግልቢያ ነው።

በዚህ ውድድር ሦስት በርሜሎች በሦስት ማዕዘን ቅርጽ ይቆማሉ። በመደበኛው ሜዳ በመጀመሪያዎቹ ሁለት በርሜሎች መካከል ያለው ርቀት 27 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ሦስተኛው ከእያንዳንዳቸው 32 ሜትር ያህል ርቆ ይቆማል። ጋላቢዋ ሦስቱንም በየተራ ዞራ ወደ መነሻዋ በሽምጥ ትመለሳለች። ብርቱ ፈረስ ይህን ሁሉ በ17 ሰከንድ ገደማ ይፈጽመዋል፤ አንድ በርሜል ቢወድቅ ግን 5 ሰከንድ ይጨመርበታል። አሸናፊና ተሸናፊ በሰከንድ መቶኛ በሚለዩበት ሜዳ 5 ሰከንድ ማለት ሙሉ ሽንፈት ነው። በ1948 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) 38 ሴቶች በቴክሳስ ሳን አንጀሎ ተሰብስበው የራሳቸውን የሮዲዮ ማኅበር ከመሠረቱ ወዲህ፣ ይህ ግልቢያ የሴቶች ዋነኛ የሮዲዮ ውድድር ሆኖ ኖሯል።

ፈረስ በበርሜሉ ዙሪያ ሲታጠፍ የኋላ እግሮቹን ከሆዱ ሥር ይሰበስባል፤ መላ አካሉንም ወደ ዙሩ ያዘነብላል። ደረቱንና ትከሻውን የሚያያይዝ አጥንት የለውም፤ የፊት እግሮቹ ከግንደ አካሉ ጋር የተያያዙት በጡንቻና በጅማት ብቻ ነው። ከዚህም የተነሳ የፊት እግሩን ወደፊት በዘረጋ ቁጥር የሰፊው ትከሻ አጥንት የላይኛው ጫፍ ወደኋላ ይንሸራተታል። ኮርቻው ይህን መንገድ ከዘጋው ፈረሱ በእያንዳንዱ እርምጃ ከእንጨት ጋር ይጋጫል። በዝግታ ሲሄድ ይችለው ይሆናል፤ በዙሩ ላይ ግን የጋላቢዋ ክብደትና የፍጥነቱ ኃይል ተባብረው ሲጫኑት መቻል ያቅተዋል።

ያን ጊዜ ፈረሱ ይናገራል። ኮርቻው ሲመጣ ጆሮውን ወደኋላ ያጥፋል፤ የሆዱ ጠፍር ሲጠብቅ ለመናከስ ይዞራል፤ በርሜሉ ጋ ሲደርስ ሳይታጠፍ ያልፋል። ይህን ንግግር የማይሰማ ሰው ስም ያወጣለታል፤ «እልኸኛ»፣ «ክፉ»፣ «የማይማር» ይለዋል። ልጓሙን ያከብድበታል፤ ጅራፉን ያበዛበታል። በመጨረሻም ፈረሱ ከገዢ ወደ ገዢ ይዞራል፤ በተሸጋገረም ቁጥር ስሙ እንጂ ሕመሙ አብሮት አይነገርም።

በቴክሳስ ገጠር አጭር ጀርባ፣ ክብ ጎድንና ሰፊ ትከሻ ያለው ፈረስ የገጠማት ጋላቢ ከዚህ መንታ መንገድ ላይ ትቆማለች። እንዲህ ያለው ቁመና በኳርተር ሆርስ ዝርያ ዘንድ እንግዳ አይደለም። ዝርያው ስሙን ያገኘው ከሩብ ማይል፣ ማለትም ከ400 ሜትር ያህል የአጭር ርቀት ሩጫ ነው፤ ኃይሉም በጡንቻው ድንዳኔ ላይ ነው። በትከሻዎቹ መካከል ከፍ ብሎ ኮርቻን የሚይዘው ጉብታ በዚህ ዓይነቱ ፈረስ ላይ ዝቅ ያለ ሲሆን ኮርቻው ወደ ጎን ይዞራል፤ እንዳይዞር ጠፍሩ ሲጠብቅ ደግሞ ፈረሱ ይጨነቃል። ጋላቢዋ ወደ ገበያ ብትወጣ በኮርቻው ላይ የምታገኘው ቁጥር የመቀመጫውን ርዝመት በኢንች የሚናገር ነው፤ ይህም የእርሷ ልክ እንጂ የፈረሱ አይደለም። የፈረሱ ልክ ነው ተብሎ የሚሰጠውም ስያሜ ከሠሪ ሠሪ ይለያያል፤ አንዱ «ሰፊ» ያለውን ሌላው «መካከለኛ» ይለዋል። በቆዳው ላይ የተቀረጸው አበባም ለዓይን እንጂ ለጀርባ አይረዳም።

ስለሆነም ብልህ ጋላቢ ዋጋ ከመጠየቋ በፊት ትለካለች። የሚተጣጠፍ ሽቦ ከትከሻው ኋላ በጀርባው ላይ አጋድማ ቅርጹን ወደ ካርቶን ትገለብጣለች። ፈረሱን በደልዳላ መሬት ላይ አቁማ ኮርቻውን ያለ ምንጣፍ ታኖራለች። በጉብታውና በኮርቻው መካከል ክፍተት መኖሩን ታያለች። እጇን ከሥር አስገብታ፣ ረዳቷ የፈረሱን የፊት እግር ወደፊት ሲስብ ትከሻው እጇን ከእንጨቱ ጋር ይጨፈልቀው እንደሆነ ታጤናለች። ኮርቻው ፊትና ኋላ ብቻ ነክቶ መካከሉ እንደ ድልድይ መንጠልጠሉን፣ ወይም መካከሉ ብቻ ነክቶ ጫፍና ጫፉ መወዛወዙን ትመረምራለች። ክብደቱ ከመጨረሻው ጎድን አልፎ በወገቡ ላይ እንዳያርፍም ትጠነቀቃለች፤ በአጭር ጀርባ ላይ ብዙ ኮርቻ የሚወድቀው በዚህ ፈተና ነውና። ከጋለበች በኋላ ደግሞ ላቡን ታነባለች፤ በረጠበው ጀርባ መካከል ደርቆ የቀረ ቦታ ጫና የበዛበትን፣ ወይም ጨርሶ ያልተነካውን ሥፍራ ሊያመለክት ይችላል። ቆይቶ የሚበቅል ነጭ ጠጉር የቆየ ጉዳት ምስክር ነው። ጥርሱንና እግሩንም የእንስሳት ሐኪም እንዲያይላት ታደርጋለች፤ ጥፋቱ ሁሉ የኮርቻው ነው ብሎ መደምደምም ሌላ አለመስማት ነው።

በዚህ ፍለጋ ትልቁ ፈተና አቋራጭ ነው። በጠበበ ኮርቻ ሥር ወፍራም ምንጣፍ መጨመር፣ በጠበበ ጫማ ውስጥ ካልሲ እንደ መደረብ ነው፤ የተመቸ መስሎ ይብሱን ያጠብቃል። በልክ የሚሠራ ኮርቻ በሺህ በሚቆጠር ዶላር የሚገዛ በመሆኑ፣ አቅም ያነሳት ጋላቢ ያገለገለ ኮርቻ እየተዋሰች መሞከር ይኖርባታል። የተገኘውም ቢሆን ለዘለዓለም አይሆንም። ፈረስ በሥራ ይደነድናል፤ በዕረፍት ይወፍራል፤ በዕድሜ ጀርባው ይሰረጉዳል፤ ልኩም አብሮ ይለወጣል።

በ1985 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በላስ ቬጋስ በተካሄደው ብሔራዊ የሮዲዮ ፍጻሜ፣ የቻርሜይን ጄምስ ፈረስ ስካምፐር በሰባተኛው ዙር ወደ ሜዳ ሲገባ የልጓሙ ማሰሪያ ተበጠሰ። ስካምፐር ቀደም ሲል «ሰው የሚጥል» እየተባለ ስሙ የጠፋ ፈረስ ነበር። ያን ዕለት ግን ልጓም ሳይመራው ሦስቱን በርሜሎች ዞሮ ዙሩን አሸነፈ። ጄምስ በእርሱ ጀርባ ላይ ከ1984 እስከ 1993 ለ10 ተከታታይ ዓመታት የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። ይህ ታሪክ የኮርቻ ታሪክ ባይሆንም ለኮርቻ ነገር ይመሰክራል፤ ፈረስን በበርሜሉ ዙሪያ የሚያዞረው የአፉ ብረት ብቻ እንዳልሆነ ያሳያልና። የሚያዞረው ሥራውን ማወቁና አካሉ ለሥራው ነጻ መሆኑ ነው።

የጉግስ ሜዳ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ነገር ባዕድ አይሆንበትም። በኢትዮጵያም ቢሆን የኮርቻ አፅሙ እንጨት ነው፤ ቆዳ የሚለብሰው በላዩ ነው። ጀርባው በጭነት የቆሰለው የጋማ ከብት በአማርኛ «ገጣባ» ይባላል። ቃሉ ለቆሰለው ስም አወጣለት እንጂ ላቆሰለው ዕቃ ስም አላወጣለትም። ቅርጽ ይዘትን ሲያስጨንቅ ጥፋቱ የይዘቱ ተደርጎ የሚቆጠረው በፈረስ ዘንድ ብቻ አይደለም። ትምህርቱ በማይስማማው መንገድ የቀረበለት ተማሪ «ደካማ» ይባላል፤ ሚናው ያለ ልኩ የተሰጠው ተዋናይ «የማይችል» ይባላል። ሽቦውን ይዞ ወደ ጀርባው የሚጠጋ ሰው ግን ፍርዱን ከልኬታው በኋላ ያደርገዋል። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላል ሌላው ተረት። እንዲያደርስ ግን በጀርባው ላይ የተጫነው ነገር ራሱን እንዳይዋጋው ማድረግ የጫኙ ግዴታ ነው።