ሞተ ወይስ መነመነ?

እስቲ ዛሬ ስለ አንዲት ግስ እናውጋ። «መነመነ» ትባላለች። ሥጋ ይመነምናል፤ ተስፋ ይመነምናል፤ ኪስም ይመነምናል። ብዙ የነበረ ነገር ከየቦታው እያለቀ ሲሄድ ደግሞ «ተመናመነ» እንላለን፤ ለምሳሌ ደን ወይም የዱር እንስሳ። ፍቅርስ? እሱም ይመነምናላ! የዛሬው ጨዋታችን በዚሁ ላይ ነው።

ብዙዎቻችን ይህችን ግስ ከ«ከሳ» እና ከ«ጠፋ» ጋር እናምታታታለን። ወባ የያዘው ሰው በሳምንት ውስጥ ይከሳል። መመንመን ግን ቀስ በቀስ ነው፤ «በዚህ ቀን ጀመረ» ልትሉ አትችሉም። የመነመነ ነገር ደግሞ ይቀጥናል እንጂ ገና አለ።

ኳስ ወዳጆች ይህ ይገባችኋል። በ2006 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ለማለፍ ከናይጄሪያ ጋር ተፋጠጠ። ጥቅምት ላይ አዲስ አበባ ስታዲየም 2 ለ 1 ተሸነፍን። ያኔ ተስፋችን መነመነ፤ የመልሱ ጨዋታ ይቀር ነበርና። ኅዳር ላይ ካላባር ሄደን 2 ለ 0 ስንሸነፍ ግን «መነመነ» የሚል ሰው አልነበረም። አለቀ፣ ደቀቀ!

ወደ ራሴ ልምጣ። እኔ ሳሪስ ነኝ፣ እሱ ጀሞ። ሁለታችንም የንፋስ ስልክ ላፍቶ ልጆች ነን፤ በሁለት ታክሲ የምንገናኝ። ድሮ ማታ ማታ ሳይደውል አይተኛም ነበር። ከዚያ በሁለት ቀን አንዴ ሆነ፤ ከዚያ በሳምንት። የቅዳሜዋ ማኪያቶም ቀረች። «ምነው ጠፋህ?» ስለው «ሥራ፣ ስብሰባ፣ ምናምን» ይለኛል። አልተጣላንም፤ ሌላ ሴት ያዘ የሚል ወሬም አልሰማሁም።

ጓደኞቼ «ሞቷል፤ ቅበሪውና ተገላገይ» አሉኝ። እኔ ግን አንድ እሁድ አስቀምጬ «ፍቅርህ መንምኗል» አልኩት። «አትወደኝም» ብለው ኖሮ «መቼ ነው አልወድሽም ያልኩሽ?» ብሎ ይሞግተኝ ነበር። «መንምኗል» ስለው ዝም አለ። ቆየት ብሎ «እኔም ታውቆኛል» አለኝ። ለሁለት ሰዓት ያህል አወራን፤ እንደዚያ ካወራን ዓመት ሳይሞላን አይቀርም።

ሐኪሞች «የጡንቻ መመንመን» የሚሉት ነገር አለ። እጁ ተሰብሮ ለሳምንታት ጀሶ የታሰረለት ሰው፣ ጀሶው ሲፈታ ክንዱ ቀጥኖ ያገኘዋል። ጡንቻው ሥራ ፈትቶ ስለከረመ ነው። መድኃኒቱ ክንዱን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ማሠራት ነው። በአንድ ቀን አይመለስም፤ ዝም ካሉትም ይብሳል።

እኛም ቀጠሮ ይዘናል። የቅዳሜዋ ማኪያቶ ተመልሳለች፤ እስከ ፋሲካ እናየዋለን። ካልሆነም «ጠፋ» የሚለውን ግስ አውቀዋለሁ፤ ለመጠቀም አልፈራም።

እናንተስ? ፍቅራችሁን ከመቅበራችሁ በፊት ትንፋሽ እንዳለው እዩ። የምትደውሉት፣ የምትቀጥሩት፣ የምትጠብቁት ሁልጊዜ እናንተ ብቻ ከሆናችሁ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የሰው ክንድ የሚጠነክረው ባለቤቱ ሲያንቀሳቅሰው ነው።

ቸር ሰንብቱ!