ከጃፓናዊው አናጢ ፊት የተቀመጥንባት ሌሊት

ለውድ ልጄ፣

ይህን በወረቀት የጻፍኩልሽ፣ በስልክ ስንነጋገር አንቺም ስለምትቸኩዪ፣ እኔም ልነግርሽ ያሰብኩት ስለሚጠፋኝ ነው። ወረቀት ይታገሣል። ሲመችሽ ታነቢዋለሽ፤ ዛሬ ካልጣመሽም አስቀምጠሽ ከዓመታት በኋላ ታነቢዋለሽ።

ለፋሲካ የመጣሽ ጊዜ ያቺን ሌሊት ታስታውሻለሽ? እኔ ውሃ ልጠጣ ተነሥቼ ሳሎን ብቅ ስል፣ አንቺ ጋቢሽን ተከናንበሽ ስልክሽን ታያለሽ። እንቅልፍ እምቢ ካለሽ ሰንብቷል ማለት ነው፤ ዓይንሽ ይናገር ነበር። «ምን ታያለሽ?» ብልሽ «አባዬ፣ አንድ ጃፓናዊ የቤት ዕቃ ሠሪ ነው፤ እሱን ሳይ ልቤ ይረጋል» አልሽኝ። አጠገብሽ ተቀመጥኩ። ሰውየው አይናገርም። ዘፈን የለ፣ ጫጫታ የለ፤ የመጋዙ፣ የመሮውና የመላጊያው ድምፅ ብቻ። ጣውላውን በእጁ ይዳብሰዋል፣ በእርሳስ ያሰምርበታል፣ ይቆርጠዋል፣ አጋጥሞ ያየዋል፣ መልሶ ያወጣዋል፣ ትንሽ ይልገዋል፣ እንደገና ያጋጥመዋል። አንድ ሰዓት ያህል እኔና አንቺ ቃል ሳንተነፍስ ቆየን። ካደግሽ ወዲህ እንዲያ አብረን ዝም ያልንበትን ጊዜ አላስታውስም።

አንቺ ወደ አዲስ አበባ ከተመለስሽ በኋላ ነገሩ ከልቤ አልወጣ አለ። የአናጢ ልጅ ነኝ፤ በሰጋቱራ ሽታ ነው ያደግኩት። ስለዚህ የጎረቤታችንን ልጅ እየጠራሁ ሌሎችንም አስከፍቼ አየሁ፤ ስለ እነዚህ ሰዎች የተጻፈውንም እያስፈለግሁ አነበብኩ። ጡረታ የወጣ መምህር ማንበብ አያቆምም። የገረመኝን ልንገርሽ።

የእኛ አናጢ መላጊያውን ወደ ፊት ይገፋል። ጃፓናዊው ወደ ራሱ ይስባል። መጋዙም ሲሳብ ነው የሚቆርጠው፤ ሲሳብ ብረቱ ስለሚወጠር ስስ ሆኖ መሠራት ይችላል፤ ስስ ስለሆነም መስመሩ ቀጭን ነው። የመላጊያው ስለት ደግሞ ከሁለት ዓይነት ብረት የተጋጠመ ነው፤ ከፊት ጠንካራው፣ ከጀርባው ለስላሳው። ጠንካራው ብቻውን ቢሆን ይሰነጠቃል፣ ለስላሳው ብቻውን ቢሆን አይቆርጥም። እ.ኤ.አ. በ1876 በአገራቸው ሰይፍ መታጠቅ በሕግ ሲከለከል ብዙ ሰይፍ ቀጥቃጮች እጃቸውን ወደ መሮና ወደ መላጊያ አዞሩት። ስለዚህ ያ ሰው በእጁ የያዘው ነገር የሰይፍ ዘመድ ነው ማለት ይቻላል። እሱ ግን ሲይዘው እንዴት ነበር? እንደ ሕፃን እጅ።

አሁን ወደ ስለቱ ልመለስ፣ ምክንያቱም ትልቁ ነገር እዚያ ላይ ነው፤ ነገሩን ግን ከአንድ የጃፓን ቤተ መቅደስ ልጀምር። ናራ በሚባል አውራጃ ሆርዩጂ የሚባል ቤተ መቅደስ አለ። በዓለም ላይ ቆመው ካሉ የእንጨት ሕንጻዎች ሁሉ ጥንታዊው እሱ ነው፤ ወደ 1,300 ዓመት ይጠጋዋል። ሂኖኪ በሚሉት፣ የእኛ ጽድ ዘመድ በሆነ እንጨት ነው የተሠራው። ይህን ቤተ መቅደስ በትውልድ ቅብብሎሽ ይጠብቁ ከነበሩት አናጢዎች አንዱ ጹነካዙ ኒሺዮካ ይባላሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1908 ተወልደው በ1995 አርፈዋል። ልጅ ሳሉ አባታቸው የቴክኒክ ትምህርት ቤት ሊያስገቧቸው ሲያስቡ፣ አያትየው «አይሆንም፣ ግብርና ይማር» ብለው አስገደዱ። ልጁ አልገባውም ነበር፤ አናጢ ለሚሆን ሰው እርሻ ምን ይሠራለታል? አያትየው ግን አፈርን ያላወቀ ዛፍን አያውቅም፣ ዛፍን ያላወቀም እንጨትን አያውቅም ብለው ነው። በኋላ ኒሺዮካ በተራራው ደቡብ ጎን የበቀለውን ዛፍ በሕንጻው ደቡብ በኩል የሚያቆሙ ሰው ሆኑ። እኔ ይህን ሳነብ ወረቀቱን አስቀምጬ ብዙ ቆየሁ። የሽማግሌ ቃል አንዳንዴ ፍቺው የሚገኘው ሽማግሌው ካለፈ በኋላ ነው፣ ልጄ።

ሚጹኦ ኦጋዋ የሚባል ወጣት ሆርዩጂን በትምህርት ቤት ጉብኝት አይቶ ልቡ ተሰቀለ። ወደ ኒሺዮካ ሄዶ ደቀ መዝሙር ልሁን ቢላቸው መጀመሪያ መለሱት። በስንት ምልልስ ሲቀበሉት ደግሞ ለአንድ ዓመት ቴሌቪዥን አትይ፣ ሬዲዮ አትስማ፣ ጋዜጣ አታንብብ፣ ስለት ብቻ ሳል አሉት። ማስተማሪያቸው ምን መሰለሽ? አንድ ቀን መላጊያ አንሥተው አንዴ ሳቡት፤ ከመላጊያው አፍ ስስ ልጣጭ ወጣ፤ ልጣጭ ማለት እንዲህ ነው አሉት። በቃ። ልጁ ያችን ልጣጭ መስኮቱ ላይ ለጥፎ፣ የእሱም እንደሷ እስኪሆን ድረስ ሲስል ኖረ።

እንግዲህ ያ የሚያረጋጋሽ ሰውም እንዲህ ባለ መንገድ ያለፈ ይመስለኛል። ስለቱ በደንብ ከተሳለ ጣውላውን መታገል አያስፈልግም፤ ክንዱ አይንቀጠቀጥም፣ ፊቱ አይኮማተርም። መላጊያው ያለፈበት እንጨት ብርጭቆ ወረቀት እንኳ ሳይነካው እንደ ረጋ ውሃ ያበራል። በየዓመቱ እየተሰበሰቡ በልጣጭ ስስነት የሚወዳደሩም አሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ። ከእነሱ እጅ የሚወጣው ልጣጭ ውፍረቱ የሚሊሜትር መቶኛ እንኳ አይሞላም፤ ከፀጉር ይሳሳል። እና ልጄ፣ አንቺ በሌሊት የምታዪው የአንድ ሰዓት እርጋታ ብዙ ዓመት የተከፈለበት ነው። ስታዪው ያርፍልሻል፣ ይህም መልካም ነው፤ አልከለክልሽም። ግን የተበደርሽው እርጋታ ነው፤ ስልኩ ሲጠፋ ባለቤቱ ዘንድ ይመለሳል። የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ሥራሽን ስትነግሪኝ እሰማለሁ፤ አንዱን ሳትጨርሺ ሌላውን ትጀምሪያለሽ፣ እየበላሽ ትጽፊያለሽ፣ እየሄድሽ ትመልሻለሽ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይሉ ነበር አያትሽ።

አያትሽን ካነሣሁ አይቀር፣ ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። አያትሽ ለሠርግ የታዘዘ የዋንዛ ጠረጴዛ ይሠሩ ነበር፤ እግሮቹን እኔ እንድበሳ ሰጡኝ። ኳስ ጨዋታ ነበረኝ። መሮውን ቀስ ብዬ በመዶሻ ማስገባት ሲገባኝ አብዝቼ መታሁት፤ እግሩ ተሰነጠቀ። እሳቸው ገበያ ወጥተው ነበር። ሰጋቱራውን በኮላ ለውሼ ስንጥቁን ሞላሁት፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁት፣ ቫርኒሽ ቀባሁት። ማንም አላየም። ጠረጴዛው ሄደ፣ ሠርጉ ተደገሰ፣ ሰው ሁሉ አመሰገነ።

እንጨት ግን አይረሳም። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ ኮላና ሰጋቱራ እንዲያ አያውቁም። ሁለት ዓመት ሳይሞላ የሞላሁት ነገር ረገፈ፣ እግሩ ተከፈተ። ባለቤቱ አልተጣሉንም፤ ጨዋ ሰው ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ አያትሽን አግኝተው በለሆሳስ ነገሯቸው። አያትሽ ቤት መጥተው አልመቱኝም፣ አልሰደቡኝም። አዲስ እግር ሠርተው፣ በትከሻቸው ተሸክመው፣ እኔን ከኋላ አስከትለው ሄዱ። ተንበርክከው ቀየሩት። ገንዘብ ሲሰጧቸው አልተቀበሉም። ስንመለስ መንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ አሉኝ፤ «ጠረጴዛው ያንተ አይደለም፣ የእሳቸውም አይደለም። በላዩ ያለው ስሜ ነው።» ስም ከመቃብር በላይ ይውላል። አያትሽ ካረፉ ሠላሳ ዓመት አለፋቸው፤ ያች ጠረጴዛ ግን አሁንም እዚህ ደብረ ማርቆስ አንድ ቤት ውስጥ ቆማለች፤ ሳልፍ በመስኮት አያታለሁ።

ለዚህ ነው ያን ሌሊት ጃፓናዊው የመሳቢያውን ጀርባ ሲልግ ሳይ ሰውነቴ ውርር ያለው። አየሽው? ማንም የማያየውን፣ ወደ ግድግዳ የሚዞረውን ጎን፣ ልክ እንደ ፊቱ አድርጎ ነበር የሚልገው። ልብሽን የሚያረጋው እሱ ይመስለኛል። የሚደብቀው ነገር የለውም። በዕድሜዬ ብዙ ሰው አይቻለሁ፤ እንቅልፍ የሚነሣው ሥራ መብዛቱ ብቻ ሳይሆን በኮላ የተሞላ ስንጥቅ መኖሩም ነው። አንቺን አልጠረጥርም። እኔ ግን ሁለት ዓመት ያህል ያች ጠረጴዛ በሕልሜ ትመጣ ነበር።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ፤ በእንጨት ምሳሌ ልጀምርልሽ። የጃፓን አናጢዎች ያለ ሚስማር ሲያጋጥሙ አንዱን እንጨት እንደ ምላስ፣ ሌላውን እንደ አፍ ያበጁታል። የጥሩ ባለሙያ ምላስ ከአፉ በጥቂት ይወፍራል። ታዲያ እንዴት ይገባል? ባለሙያው ምላሱን በመዶሻ ጎንና ጎኑን ቀስ እያለ ይመታዋል፤ ይጠበጥበዋል እንጂ አይሰብረውም። እንጨቱ ይጨመቃል፣ ይቀጥናል፣ አፉ ውስጥ ሸርተት ብሎ ይገባል። ከገባ በኋላ ከኮላው ወይም ከአየሩ እርጥበት ሲያገኝ ወደ ቀድሞ ውፍረቱ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ማን ያወጣዋል! ይህን አሠራር «ኪጎሮሺ» ይሉታል፤ እንጨት መግደል ማለት ነው። ስሙ ያስፈራል፤ እንጨቱ ግን አልሞተም፤ ለጥቂት ጊዜ ራሱን አሳነሰ፣ ከዚያ በቦታው ሙሉ ሆነ።

አንቺና ታላቅ ወንድምሽ በአያትሽ ቤት ጉዳይ ከተኳረፋችሁ ይኸው ሰባት ወር። ለፋሲካም እሱ በጠዋት መጣ፣ አንቺ በማታ። እናትሽ ምንም አትልም፤ ሁለት ጊዜ ዶሮ ወጥ ስታሞቅ ግን አይቻታለሁ። ማን ልክ እንደሆነ አልፈርድም። ሁለታችሁም ጥሩ እንጨት ናችሁ፣ ሁለታችሁም ወፍራችኋል። ተረገጪ አልልሽም፤ ድርሻሽንም ተዪ አልልሽም። አንድ ስልክ ለመደወል የሚበቃ ያህል ብቻ ጨመቅ በይ። ለእሱም ይህንኑ ጽፌለታለሁ፤ ማን ቀድሞ እንደሚደውል ግን አልጠይቅም። የቤታችሁን ገመና ጎረቤት ሳይሰማው ብትጨርሱት ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጃፓን ውስጥ ኪሪ የሚባል ቶሎ የሚያድግ ቀላል ዛፍ አለ። ሴት ልጅ ስትወለድ በጓሮ ይተክሉት ነበር፤ ስትዳር ይቆረጥና የልብስ ሣጥን ይሠራላታል። ኒጋታ ውስጥ ካሞ የምትባል ከተማ እስከ ዛሬ በዚህ ሣጥን ሥራ ትታወቃለች። መሳቢያዎቹ ከመግጠማቸው የተነሣ አንዱን ስትዘጊው በውስጥ ያለው አየር ተገፍቶ ሌላውን ይከፍተዋል። ይህን ሳነብ ልቤ ተነካ። አንቺ ስትወለጂ እኔ ምንም አልተከልኩም፤ ደመወዜን ስቆጥር ነበር። ሣጥንሽንም ከገበያ የቆርቆሮውን ገዛሁልሽ። ይቅር በይኝ።

ከፋሲካ ወዲህ የአያትሽን መላጊያ ከቆጥ አውርጃለሁ። ስለቱ ዝጎ ነበር። በየጠዋቱ ከጸሎት በኋላ በውሃ ድንጋይ እስለዋለሁ፤ እናትሽ በመጀመሪያ ተቆጣችኝ፣ አሁን ግን ውሃውን እሷ ታቀርብልኛለች። ከጓሮ የተረፈች አንዲት የዋንዛ ጣውላ አለችኝ። ለብዙ ሳምንት ልጣጩ መሐል ላይ እየተበጠሰ አስቸገረኝ። ትናንት ግን አንዷ ከጣውላው ጫፍ እስከ ጫፍ ሳትበጠስ መጣችልኝ። ወፈር ትላለች፤ ከእነዚያ ሰዎች ጋር አትወዳደርም። ከዚህ ደብዳቤ ውስጥ አጥፌ አስቀምጫታለሁ። ወረቀቱን ስትዘረጊ ቀስ ብለሽ ዘርጊው፣ ልጄ፣ እንዳትሰበር።

አባትሽ