የኬንያ ተራራ በረዶ

ለመምህራን ስልጠና የጉዞ ፈቃድ አግኝቼ ናንዩኪ ሄጄ ነበር። ከተማዋ ያለችው ምድር ወገብ አጠገብ ነው፤ ጠዋት ግን ያለ ጋቢ አይወጣም። ጎህ ሲቀድ ደመናው ተገፈፈና 5,199 ሜትር ከፍታ ያለው የኬንያ ተራራ ብቅ አለ።

ጫፉ ላይ ያለው ነጭ ነገር እንደ አገራችን የክረምት በረዶ ወርዶ ወዲያው የሚሟሟ ጠጠር አይደለም፤ ለብዙ ዘመን ተደራርቦ የጠጠረ ግግር ነው። ቀደም ሲል ሸዋ ተቀምጦ የነበረው ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ ክራፕፍ በ1849 እ.ኤ.አ. አይቶት ቢናገር አውሮፓ ውስጥ ብዙዎች አላመኑትም። አሁን ደግሞ የነገ ልጆች «ነበረ» ሲባሉ እንዳያምኑ እሰጋለሁ። ሉዊስ የሚባለው ግግር ከ1934 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ድረስ ከይዘቱ 90 በመቶውን አጥቷል። ጠና ያሉት ሹፌራችን ጥቁሩን አለት እያሳዩ «ልጅ ሳለሁ እዚያ ሁሉ ነጭ ነበር» አሉኝ።

ስመለስ ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ በረዶው ካለቀ ወንዙ ይደርቃል?» አሉኝ። ቦኖ ላይ ጀሪካን ይዞ ለሚሰለፍ ልጅ ተገቢ ጥያቄ ነው። በአልፕስ ተራሮች በክረምት የተከመረው በረዶ በጸደይ ቀልጦ ወንዝ ይሞላል። እዚህ ግን ወንዞቹን በዋናነት የሚሞላው ዝናቡ ነው፤ ዝናቡን የሚይዘው ደግሞ የተራራው ደን። በረዶው ከእጃችን ወጥቶ ይሆናል፤ ደኑ ግን ገና በሰው እጅ ነው አልኳቸው።

ፈቃድ አግኝቶ በዚያ የሚያልፍ ካለ በጠዋት ይነሳ፤ ረፈድ ሲል ደመናው ይሸፍነዋል።