«ስምዎ የለም» ከማለታችን በፊት

ባለፈው ረመዷን አስቤዛ ስናከፋፍል አንዲት እናትን «ስምዎ የለም» ብለን በባዶ እጃቸው መለስናቸው። ስማቸው ግን ነበር። እኛ የአባታቸውን ስም «ሙሐመድ» ብለን ፈለግን፤ የተመዘገበው «መሀመድ» ተብሎ ነው። ለጆሯችን አንድ የሆኑት ሀ እና ሐ ለኮምፒውተር የተለያዩ ፊደላት ናቸው።

ከዚያ በኋላ ነው ሬጉላር ኤክስፕሬሽን የሚባለውን የፍለጋ ቀመር የተማርነው። [መሙሞ][ሀሃሐሓኀኃ]መድ ብለን ስንጽፍ ከየቅንፉ አንድ አንድ ፊደል እየወሰደ 18 አጻጻፎችን በአንዴ ይፈልጋል። አቋራጭ ፈልገን .*መድ ስንል ደግሞ አሕመድንም ጎትቶ አመጣ።

ቀመሩ ተመሳሳይ ስሞችን ያቀርብልናል እንጂ ሰው አይለይም፤ የአያት ስምና ስልክ አመሳክረን የምንወስነው እኛው ነን። እኚያን እናት ቤታቸው ሄደን «አፉ ይበሉን» አልናቸው። ወንድምና እህቶች፣ መዝገብ ከያዛችሁ «የለም» ከማለታችሁ በፊት በሌላውም ፊደል ፈልጉ።