ርገጥ፣ ያዝ

ፍሬንን መጀመሪያ ያወቅሁት በአፍንጫዬ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከመካነ ሰላም በአቀስታ አድርገን ደሴ ስንወርድ፣ ጉጉፍቱን አልፈን ቁልቁለቱ ሲጀምር የጋለ የፍሬን ሸራ ሽታ ይመጣል። እናቶች ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ይስባሉ። አንዱ ያማትባል፣ ሌላው ዱዓ ያደርጋል። አጎቴ ግን ሃይሉክሱን በከባድ ማርሽ ይዞ፣ ሞተሩን እያስጮኸ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ዞር ሳይል «አብሽሩ» ይላል። ማርሽ ቢይዝም ጭነት አለ፤ ሽታው አይቀርም።

ሰው «ፍሬን በጠሰ» ሲል እሰማ ስለነበር ፍሬን ለእኔ እንደ በሬ ጠፍር ያለ ነገር ነበር። አጎቴ ነው ያረመኝ፦ «የሚያቆመን ዘይት ነው።» ዘይቱ ከፔዳሉ ተነሥቶ በቀጭን የብረት ቧንቧ ይሄዳል። ቸርኬው ይዘላል፣ ይዞራል፤ ስለዚህ እዚያ ሲደርስ ብረት አይሆንም፣ የላስቲክ ቱቦ ይቀበለዋል። በሃይሉክሱ ሁለት ከፊት አንድ ከኋላ ነበሩ።

አንድ ቅዳሜ ከገበያ መልስ «ና፣ ይህን ጨብጥ» አለኝ። ጓደኛው ሞተሩን አስነሥቶ ፔዳሉን ሲረግጥ፣ ቱቦው በእጄ ውስጥ ተነፋ። ዓይን የማያየው፣ እጅ ግን የሚያውቀው ትንሽ መነፋት ነው፤ እንደ ደም ሥር። እግሩን ሲያነሣ ሟሸሸ።

«አየህ? እግሬ የገፋውን ይሄ ይበላብኛል» አለ።

አዲሶቹን ቱቦዎች ያመጣው ከአሜሪካ ለዓመት በዓል የገባው የአክስቴ ልጅ ነው፤ በሻንጣው፣ በልብስ ጠቅልሎ። ውስጣቸው ቴፍሎን፣ ላያቸው ከማይዝግ ብረት ሽቦ የተጎነጎነ ነው። አንዱን ተቀብዬ አገላበጥኩት። ቀጫጭኑ ሽቦ አንዱ በላይ አንዱ በታች እያለፈ፣ ክፍተት ሳይተው ተያይዟል። እናቴ ከእጄ ወስዳ ወደ ፀሐይ አዞረችውና «ይህን ሹሩባ ማን ሠራው?» አለች። እስከ ዛሬ ስሙ ለእኔ ሹሩባ ነው።

አሮጌው ቱቦ ሲወልቅ አጎቴ በቢላ በቁመቱ ሰነጠቀው። ላዩ ደህና ይመስል የነበረው፣ ውስጡ እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቋል።

ከዚያ የኔ ሥራ መጣ። ቱቦ ሲቀየር አየር ይገባል፤ አየር ደግሞ ይታመቃል፣ ፔዳሉን ያላላዋል። አጎቴ ከመኪናው ሥር ገባ፤ እኔ መሪው ላይ ተንጠልጥዬ እግሬን ፔዳሉ ላይ አደረግሁ። ከሩቁ ቸርኬ፣ ከቀኝ ኋላ ጀመርን።

«ርገጥ!» እረግጣለሁ።

«ያዝ!» የአየር ማስወጫ ብሎኗን ሲከፍት ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ይሰምጣል። «እንዳትለቅ፣ የኔ ጌታ፣ እንዳትለቅ!» ይዘጋል። «አሁን ልቀቅ።»

ከብሎኗ የወጣችው ቀጭን ቱቦ ጫፏ በማርማላታ ብርጭቆ ባለ ዘይት ውስጥ ጠልቆ ነበር። መጀመሪያ አረፋ ብቻ፣ ከዚያ አልፎ አልፎ አንዳንድ፣ በመጨረሻ ንጹሕ ዘይት ወጣ። አራተኛው ቸርኬ ላይ ስንደርስ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። ፔዳሉ ግን ከፍ ብሎ፣ እንደ ድንጋይ ደርቆ ቆመ።

ብዙ ሰው የተጎነጎነው ቱቦ መኪናን በአጭር ርቀት ያቆማል ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ላስቲኩ ደህና ከሆነ የሚያቆመው ሸራው፣ ጎማውና መንገዱ ነው። የተጎነጎነው የሚሰጠው የማይዋሽ ፔዳል ነው፤ በጠጠር መንገድ ደግሞ የሚፈናጠር ድንጋይ በቀላሉ አይቆርጠውም። ሙቀት ላይ ግን አይረዳም። አዲስ ዶት 3 ዘይት እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ዓመታት እርጥበት ሲጠጣ ወደ 140 ሊወርድ ይችላል፤ የፈላ ዘይትን ደግሞ የትኛውም ሹሩባ አያድነውም። ሽቦው የነካውንም ይሞርዳል። አጎቴ ይህን ስለሚያውቅ፣ ሻንሲው አጠገብ የሚያልፍበትን በአሮጌው ላስቲክ ቁራጭ ሸፈነው። ዛሬ ወደ ጉንደወይን ልሻገር ዓባይ በረሃ ከመውረዴ በፊት፣ ጎንበስ ብዬ መጀመሪያ የማየው ያንን ቦታ ነው።

ያኔ ቱቦው በተቀየረ በሳምንቱ ደሴ ስንወርድ ጋቢና አስቀመጠኝ። ቁልቁለቱ ላይ ሽታው እንደ ድሮው መጣ፤ እናቶችም ነጠላቸውን አነሡ። እኔ መንገዱን አላየሁም፤ የአጎቴን እግር ነበር የማየው። ከመታጠፊያው ፍየሎች ወጡ። ድሮ ሁለቴ ሦስቴ የሚረግጠው እግር፣ አንዴ ብቻ ወርዶ ቆመ።