ከዋጋው ስምምነት በኋላ

በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር ወገናችን፣ ብዙ ደክሞ ባጠራቀመው ንዋይ አዲስ መኪና ሊገዛ ሄዶ፣ በዋጋው ተስማምቶ ሰነድ ወደሚፈረምባት ትንሽ ክፍል ሲገባ ነገሩ ሁሉ የተፈጸመ ይመስለዋል፤ ዳሩ ግን ዐቢዩ ክርክር የሚጀመረው ገና በዚያ ነው። አስፈራሚው በትሑት አንደበት፣ «ጋፕ» የሚባለውን ኢንሹራንስ፣ ይኸውም መኪናው ፈጽሞ ቢወድም ወይም ቢሰረቅ በገበያ ዋጋውና በቀሪው ዕዳ መካከል ያለውን ልዩነት የሚከፍለውን፣ ቀጥሎም ተበዳሪው ቢሞት ቀሪውን ዕዳ የሚከፍለውን የብድር የሕይወት ዋስትና እያከታተለ፣ «በወር ጥቂት ዶላር ብቻ ነው» ይለዋል። ይህ አነጋገር እጅግ ያሳዝነኛል፤ ያ ጥቂት ገንዘብ ከብድሩ ጋር ሲደመር ወለድ ይወልዳልና።

ጋፕ በራሱ ከንቱ ነገር አይደለም፤ ጥቂት ቀብድ ከፍሎ ብዙ ለተበደረ ሰው ይጠቅማል። ሆኖም ዋጋው እንደ መኪናው ዋጋ ሁሉ ድርድር የሚቀበል ከመሆኑም በላይ፣ ገዥው ለመኪናው ዋስትና ከሚገባበት የኢንሹራንስ ኩባንያ ብዙ ጊዜ ረክሶ ይገኛል። አበዳሪው መኪናው ራሱ ከጉዳት ዋስትና እንዲገባለት ማስገደዱ እውነት ነው፤ የብድር የሕይወት ዋስትና ግን በፈቃድ የሚገባ ነው ከተባለ፣ እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የብድር ግልጽነት ሕግ እንደሚያዘው፣ ግዴታ አለመሆኑ በጽሑፍ ተገልጦ ገዥው ወዶ ካልፈረመ በቀር ክፍያው ከወለዱ ጋር የብድሩ ወጪ ሆኖ ይቆጠራል።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ ከመፈረማችሁ አስቀድሞ የወሩን ሳይሆን የጠቅላላውን ክፍያ ጠይቁ፤ ያልፈለጋችሁትም እንዲሰረዝላችሁ ሳታፍሩ ተናገሩ።